በርቀት የሚሰጥ ሁለተኛ ዲግሪ፦ ገንዘባችንን ከመላካችን በፊት ምን እንጠይቅ?

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በየብሎኩና በየሻይ ቤቱ፣ በተለይም በእኛ በመምህራን ዘንድ ዘወትር የሚወራ ነው። ይኸውም «እንግሊዝኛ በማስተማር ሙያ በርቀት ማስተርስ ተምሮ ውጭ አገር መቀጠር ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ጉዳዩን እንድናነሳው ያደረገን ባለፈው ተርም ማብቂያ ላይ የሆነ ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ፊቱ በርቶ ወደ መምህራን ክፍል ገባና ስልኩን እያዞረ ለሁላችንም አሳየን። ስልኩ ላይ አርማ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ነበር። እንግሊዝኛን ለውጭ አገር ሰዎች በማስተማር ሙያ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት መቀበሉን ይገልጻል። ትምህርቱ የሚፈጀው አምስት ወር ነው፤ ፈተና የለውም፤ «የሕይወት ልምድ» እንደ ኮርስ ይቆጠራል፤ ክፍያው 900 ዶላር ሆኖ በሁለት ጊዜ ይከፈላል። የመጀመሪያውን 450 ዶላር ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅቱ ልካለት ከፍሏል።

ባልደረባችን የመጀመሪያ ዲግሪ የለውም። እንደ ብዙዎቻችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ በኢንሴንቲቭ የሚያስተምር ሰው ነው። ይህንኑ ገልጾ ሲጽፍላቸው «ምንም ችግር የለውም» አሉት። እኛም መጠራጠር የጀመርነው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ክፍያ ከመላኩ በፊት ተቀምጠን የዚያን «ዩኒቨርሲቲ» ስም እውቅና ባላቸው ተቋማት ማውጫ ውስጥ ፈለግን። የለም። ስልክ ቢደወል የሚያነሳ ጠፋ፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ። 450 ዶላር ለእኅቱ ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እውነቱን አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ አራት መምህራን ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ነገሩን ማጥናት ጀመርን። እኛ ማስተርስ የያዝን ሰዎች እንዳልሆንን ከወዲሁ ይታወቅልን። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የረገጠ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ሳይጨርስ የተሰደደ ነው። የምናቀርበው አንብበንና ጠይቀን የደረስንበትን ነው።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ትምህርቱ በአብዛኛው ቲሶል በሚል ስም ይጠራል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ሰዎች እንግሊዝኛ የማስተማር ሙያ ማለት ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቴፍል የሚባለውም ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። በውስጡ ሰው ቋንቋን እንዴት እንደሚለምድ፣ ሰዋስውና የድምፅ አወጣጥ ለመምህር እንዴት እንደሚተነተን፣ መማሪያ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመዘንና እንደሚዘጋጅ፣ ፈተና እንዴት እንደሚወጣ ይጠናል። በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ግን እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ብሎ ያስበዋል። ይህ ስሕተት ነው። ትምህርቱ እንግሊዝኛ አያስተምርም፤ እንግሊዝኛን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያስተምር ነው የሚያስተምረው።

በርቀት መማርም አዲስ ነገር አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በፖስታ ሲያስተምር ቆይቷል፤ ኔልሰን ማንዴላ እስር ላይ ሆነው የሕግ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እንደ በርሚንግሃም ያሉ ነባር ዩኒቨርሲቲዎችም የቲሶል ማስተርስን በየአገሩ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን በርቀት ሲሰጡ ኖረዋል። ስለዚህ በርቀት መሆኑ ብቻውን ወረቀቱን ዋጋ ቢስ አያደርገውም።

የሚጠይቀውን ጊዜ ግን እናስላ። በብሪታንያ ሥርዓት አንድ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት በአማካይ የ10 ሰዓት ሥራ ተደርጎ ስለሚቆጠር ጠቅላላው 1800 ሰዓት ይሆናል። ቀን እያስተማረ፣ ውኃ እየቀዳ፣ ሬሽን ለመቀበል እየተሰለፈ የሚኖር ሰው በሳምንት 12 ሰዓት ቢያገኝ ጎበዝ ነው። 1800ን ለ12 ብናካፍለው 150 ሳምንት፣ ማለትም ሦስት ዓመት ገደማ ይመጣል። እውነተኞቹ ዩኒቨርሲቲዎችም በትርፍ ጊዜ ለሚማር ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። በአሜሪካ ሥርዓት ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ይጠየቃል፤ ድካሙ ግን አንድ ነው። «በአምስት ወር» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ይህችን ሒሳብ ያስታውስ።

አንድ ጠቃሚ ነገርም አለ። በብሪታንያው ሥርዓት 60 ክሬዲት የጨረሰ ሰው የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት፣ 120 የጨረሰ ደግሞ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይዞ መውጣት የሚችልባቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ነገ ወዴት እንደሚዘዋወር ለማያውቅ፣ የሪሴትልመንት ጉዳዩ ድንገት ሊንቀሳቀስ ለሚችል፣ ወይም የሚረዳው ዘመድ ሥራ ሊያጣ ለሚችል እንደ እኛ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ «በመካከል ባቋርጥ የምይዘው ወረቀት አለ ወይ? ክፍያውስ በየሞጁሉ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመጨረሻው እንጀምር

ሰው ብዙውን ጊዜ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። እኛ ከደረስንበት ሁሉ ዋናው ግን የሚከተለው ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት አገር፣ በምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው ማስተማር የምፈልገው?» የሚለው ነው። ምክንያቱም አንድ ወረቀት የሚያወጣው ዋጋ የሚወሰነው በሰጠው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን በሚቀበለው አገር ሕግ ነው። ጥቂት ምሳሌዎች እናቅርብ።

ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ ስለ ደቡብ ኮሪያ ይጠይቃሉ። የአገሪቱ የእንግሊዝኛ መምህራን ቪዛ በዋናው ደንብ የሚሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ እነርሱም አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከእነዚህ አገሮች አንዱን ፓስፖርት የያዘ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃዋል። ኢትዮጵያዊ ግን ሁለት ማስተርስ ቢደራርብ በዚያ ቪዛ አይገባም። ቻይናም እንዲሁ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮችን ዜጎች ነው የምትፈልገው። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ? በእኛ አመለካከት አይደለም። አንድ ሰው በደንብ ማስተማሩ የሚታወቀው በክፍል ውስጥ እንጂ በፓስፖርቱ ሽፋን አይደለም። ነገር ግን ሕጉ እስካለ ድረስ የእኅታችንን ደመወዝ በዚያ በር ላይ ማፍሰስ አይገባንም።

ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮችም እንዲሁ። እዚያ ዘመድ የሌለው ሰው ስለሌለ ተስፋው ትልቅ ነው። በእነዚህ አገሮች የውጭ ዲግሪ የያዘ ሰው በቅድሚያ ወረቀቱን ዲግሪውን በሰጠው አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም በተቀጣሪበት አገር ኤምባሲ ማረጋገጥ አለበት። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች በርቀት የተገኘ ዲግሪን ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉም ነበር። አንዳንዶቹ በቅርብ ዓመታት ቢያላሉም በብዙ ቅድመ ሁኔታ ነው። ወረቀቱ ላይ «በርቀት» የሚል ቃል ባይኖርም ሰውየው በዚያ አገር ተቀምጦ መማሩን የሚያሳይ የፓስፖርት ማኅተም ሊጠየቅ ይችላል። እዚህ ካምፕ ተቀምጦ የተማረ ሰው ያን ከየት ያመጣል?

ወደ አሜሪካ ለሚሄዱት ነገሩ ይለያል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር የየክፍለ ግዛቱ የማስተማር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቲሶል ማስተርስ ሁሉ ወደዚያ ፈቃድ አያደርስም። አንዳንዱ ፕሮግራም ፈቃዱን አካትቶ የተዘጋጀ ነው፤ አንዳንዱ ግን ለጎልማሶች ትምህርትና ለኮሌጅ ብቻ ነው የሚጠቅመው። በሌላ በኩል ለአዲስ ገቢዎች እንግሊዝኛ በሚያስተምሩ ኮሌጆች ዘንድ ይኸው ማስተርስ ብዙ ጊዜ ዋናው መመዘኛ ነው። የሪሴትልመንት ሂደቱ የተጀመረለት ሰው የሚሄድበትን ክፍለ ግዛት እስኪያውቅ ቢታገስ እንመክራለን። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉ የለም?

በቅርባችን ያለውንም አንርሳ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋዋ አደረገች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ትምህርቷን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ አዙራለች። በኢትዮጵያም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር የሚፈለገው በሩቅ ምሥራቅ ብቻ አይደለም። ሆኖም በርቀት የተማረን መምህር በተመለከተ የአገሮች ፖሊሲ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2010 የርቀት ትምህርትን ለጊዜው አግዳ፣ የግል ኮሌጆችም መምህራን እንዳያሠለጥኑ ከልክላ ነበር። በመሆኑም ማንም ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሊሠራበት ከሚፈልገው አገር አንድ እውነተኛ የሥራ ማስታወቂያ ፈልጎ ማንበብ አለበት። ማስታወቂያው የሚጠይቀውን ቃል በቃል በደብተር ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ነው የዩኒቨርሲቲዎቹን ገጽ መክፈት የሚገባው።

የሐሰቱን ከእውነተኛው መለየት

የሐሰት ዲግሪ ንግድ ትልቅ ንግድ መሆኑን እኛም አናውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በፓኪስታን ካራቺ ከተማ የሚገኘው አክሳክት የተባለ ኩባንያ ከሦስት መቶ በላይ ድረ ገጾች ከፍቶ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ስም ወረቀት ይሸጥ እንደነበር አጋለጠ። ከዋና ዋና ገበያዎቹ መካከል አሜሪካና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይገኙበታል። ድረ ገጾቹ ላይ ያማሩ ሕንፃዎችና የሚስቁ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ፎቶግራፍ ማስረጃ አይሆንም።

በእውነተኛው ተቋም ላይ የሚታየው ምልክት ሌላ ነው። እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ወይም ሰፊ ልምድ ያለውን ሰው በልዩ ሁኔታ ቢቀበል እንኳ ጽሑፍ አስጽፎና መርምሮ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይጠይቃል። «ዛሬ ከከፈልክ ግማሽ ዋጋ» አይልም፤ በየቀኑም እየደወለ አያስጨንቅም። ባልደረባችንን በቀን ሦስት ጊዜ ይደውሉለት ነበር፤ እርሱም ይህን እንደ አክብሮት ቆጥሮት ነበር።

ስለ እውቅና ፈቃድ አንድ ተንኮል አለ። የሐሰቶቹ ተቋማት «እውቅና አለን» ይላሉ፤ እውቅናውን የሰጠው ድርጅት ግን ራሳቸው የፈጠሩት ነው። በአሜሪካ መንግሥት በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲ እውቅና አይሰጥም፤ የሚሰጡት ገለልተኛ ድርጅቶች ናቸው፤ የትምህርት ሚኒስቴሩ ደግሞ እነዚያን ድርጅቶች መርምሮ ይቀበላል፤ እውቅና ያላቸውን ተቋማት ማውጫም ያወጣል። የብሪታንያ መንግሥትም ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር ያትማል፤ የኬንያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽንም እንዲሁ። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ስም በራሱ ገጽ ላይ ሳይሆን በመንግሥቱ ዝርዝር ላይ ነው መፈለግ። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የኢንተርኔት አድራሻ በአብዛኛው «ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ»፣ የአሜሪካዎቹ «ዶት ኢዲዩ» ብሎ ያበቃል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም። ስምን አንድ ፊደል ለውጦ መጠቀምም የተለመደ ስለሆነ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለን

እዚህ ላይ ደፍረን እንናገር። ከካምፓችን መምህራን አብዛኞቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረስን እንጂ ዲግሪ የያዝን አይደለንም። ለእኛ የማስተርስ ጥያቄ የነገ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሳናውቀው የቀረ አንድ መንገድ አለ።

ሴልታ የሚባል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሰጥ የእንግሊዝኛ መምህራን ሰርተፊኬት አለ። የግድ የመጀመሪያ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ የትምህርት ደረጃና በጣም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው። ቢያንስ 120 ሰዓት ሥልጠና አለው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሠልጣኙ በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ 6 ሰዓት እያስተማረ በአሠልጣኝ የሚገመገም መሆኑ ነው። ትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደን የሚሰጠውም ሰርተፊኬት ተመሳሳይ ነው። ዛሬ በኢንተርኔትም ይሰጣሉ። ቀጣሪዎች ይህን የክፍል ልምምድ ከምንም በላይ ይመለከቱታል፤ እንዲያውም ማስተርስ ይዘው ልምምድ የሌላቸውን «መጀመሪያ ሴልታ አምጡ» የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ክፍያው ግን ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ስለሆነ ቀላል አይደለም። «120 ሰዓት» የሚል ስም ይዘው በሃያና በሠላሳ ዶላር የሚሸጡ ሰርተፊኬቶችም አሉ፤ እነዚህ የክፍል ልምምድ የላቸውምና አንዱን ከሌላው ጋር አታምታቱ።

ይህን ሁሉ ያልንበት ምክንያት ማስተርሱንም ለሚመርጡ ስለሚጠቅም ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ከቀረቡልህና አንዱ የማስተማር ልምምድ ካለው፣ ሌላው በንባብና በጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ ስሙ ትንሽ ዝቅ ቢልም ልምምድ ያለው ይሻላል ባዮች ነን። እዚህ ካምፕ ደግሞ ሰማንያ ተማሪ ያለበት ክፍል አለን። ለልምምድና ለጥናት የሚሆን ክፍል ሌላው ሰው በፍለጋ ነው የሚያገኘው።

ለመጀመሪያ ዲግሪ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ዳፊ ስኮላርሺፕ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ውድድሩ ከባድ ቢሆንም ከማመልከት አትቦዝኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የተባለው በኢንተርኔት ብቻ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ለትምህርቱ ክፍያ አይጠይቅም፤ ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ግን ክፍያ አለው። የመጀመሪያ ዲግሪም፣ የትምህርት ማስተርስም ይሰጣል።

ከስደተኛ ካምፕ ተነስቶ ማስተርስ መድረስ እንደሚቻል ደግሞ ከዳዳብ መማር እንችላለን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 የኬንያታና የሞይ ዩኒቨርሲቲዎች ከካናዳዎቹ ዮርክና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጋር ሆነው ለካምፑ መምህራን ትምህርት ጀመሩ። አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ነበር፤ ሰርተፊኬቱ ወደ ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማው ወደ ዲግሪ ይቆጠራል። ከተመረቁት ጥቂቶቹም ከካምፑ ሳይወጡ የዮርክ ዩኒቨርሲቲን የትምህርት ማስተርስ በርቀት ተምረዋል። ማስተርሱ ለእነርሱ የመጣው ከዓመታት የክፍል ሥራና ከሦስት ወረቀቶች በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ገንዘብና ሰነድ

የመጀመሪያ ዲግሪ ላላችሁ ወገኖች አንድ የምሥራች እንንገራችሁ። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ብሪታንያ ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለተመረጡ የማስተርስ ፕሮግራሞች ሙሉ የትምህርት ክፍያ ይከፍላል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ብዙ ኢትዮጵያዊ አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ደንቡ የአባል አገሮችን ዜጎች ብቻ ሳይሆን እነዚያ አገሮች የስደተኛነት እውቅና የሰጧቸውን ነዋሪዎችም ያካትታል። ኬንያና ኡጋንዳ አባል ናቸው። ልብ በሉ፤ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ በዚህ አይገባም፤ እውቅናው የተሰጠው መሆን አለበት። በየዓመቱ የሚደገፉት ፕሮግራሞች ስለሚለያዩ ቲሶል ወይም የመምህራን ትምህርት በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን የየዓመቱን ማስታወቂያ አንብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ እንግሊዝኛ ፈተናም አንድ ማሳሰቢያ አለን። የአይልትስም ሆነ የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ለፈተናው ናይሮቢ ለመሄድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ የመኪናና የማደሪያ ወጪ ስላለ የማመልከቻው ጊዜ ሳይቃረብ መፈተን ኪሳራ ነው። በቤት ተቀምጦ የሚሰጠው የዱኦሊንጎ ፈተና በዋጋ ይረክሳል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ይቀበሉታል። ተፈታኙ ግን ጸጥ ባለ ክፍል ብቻውን መሆን አለበት፤ ኢንተርኔቱም መቋረጥ የለበትም። ከእኛ አንዱ ሞክሮ በመካከሉ የጎረቤት ልጆች ድመት ሲያባርሩ ገቡበት። ገንዘቡን ላለማጣት ፈተናውን ከመክፈታችሁ በፊት ክፍልና መብራት አዘጋጁ፤ በር ላይም ሰው አቁሙ።

በመጨረሻ ወደ ሰነድ እንምጣ፤ በእኛ ግምት ከገንዘብ ይልቅ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የውጭው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የአያቱን ይጽፋል፤ በስደተኛ መታወቂያው ላይ «ገብረ» በአንድ አጻጻፍ፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ በሌላ አጻጻፍ ይገኛል። ለዩኒቨርሲቲው እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከብዙዎቻችን የልደት ቀን ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የተመዘገበው። ይህን ሁሉ ለማስተካከል ወራት ስለሚፈጅ ከማመልከቻው በፊት ይጀመር። እስኪስተካከልም ድረስ ቢሆን በየቅጹ ላይ በመታወቂያው ላይ ያለውን አጻጻፍ ብቻ ተጠቀሙ።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር አለ። አንድ የ1982 ዓ.ም. ተወላጅ አሥረኛ ክፍልን በ1998 ዓ.ም. ተፈተነ እንበል። መታወቂያው በፈረንጅ አቆጣጠር 1990 ይላል፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ 1998። ቅጹን የሚያነበው ሰው ልጁ በስምንት ዓመቱ አሥረኛ ክፍል ተፈተነ ብሎ ወረቀቱን ይጠራጠራል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከእኛ በአንዱ ላይ ደርሶ ማመልከቻው ተመልሷል። በማመልከቻው ላይ አንድ መስመር ጨምራችሁ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት እንደሚዘገይ ግለጹ፤ 1998 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 2005/2006 መሆኑንም አብራችሁ ጻፉ።

ሰነዱ በሽሽት ለጠፋበትም ተስፋ የለውም አይባልም። ዩኔስኮ ሰነድ የሌላቸውን ስደተኞች በቃለ መጠይቅ መርምሮ የትምህርት ደረጃቸውን የሚገልጽ ወረቀት የመስጠት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 በዛምቢያ ጀምሯል። የስደተኞችን የተጓደለ ሰነድ በአግባቡ ማየትን የሚያዘው ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ማለት ዩኒቨርሲቲው የግድ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «ሰነዴ በስደት ጠፍቷል፣ እንዴት ልትመዝኑኝ ትችላላችሁ?» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ለእንዲህ ያለ ደብዳቤ ሰው መድበው በቅንነት የሚመልሱ አሉ፤ እኛም ከጻፍንላቸው አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ሦስቱ መልሰውልናል። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልን ጠይቀንም አንዱ ፈቅዷል።

የተነሣንበት ባልደረባችን አሁን በመንግሥት ዝርዝር ላይ ስሙ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልክቶ መልስ ይጠብቃል። ለእኅቱም ነገሩን ለመንገር ወስኗል፤ ደብዳቤውን አብረን እየረዳነው ነው።

ማስታወቂያ ወይም የመቀበያ ደብዳቤ የደረሳችሁ ወገኖች ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ብቅ በሉ። ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንገኛለን። የስደተኛ መታወቂያችሁን፣ ያላችሁን የትምህርት ማስረጃና የደብዳቤውን ቅጂ ይዛችሁ ኑ። የኢሜይል የይለፍ ቃላችሁን ግን ለእኛም ቢሆን አትንገሩ፤ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት።